የባዶው ቅርጫት ክብደት

ከራቤል ወጣ ብሎ፣ አሞራ ገደል በሚባለው አፋፍ ላይ አንድ ባዶ ቅርጫት ተንጠልጥሏል። ባዶነቱን መጥቶ ያላየ የለም። አጠገቡ ባለችው የሞተር ቤት ውስጥ ያለው ስክሪን ግን «66 ኪሎ» ይላል። ጧት ስድሳ ስድስት፣ ማታ ስድሳ ስድስት። ነፋሱ ቅርጫቱን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው እንኳ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

የአገሩ ሰው ይህን ለመተርጎም ጊዜ አልፈጀበትም። ቁጥሩ የመጣው ቅርጫቱን የሚያወጣና የሚያወርደውን ማንሻ የሠራው በኃይሉ ከገደሉ ሥር ሞቶ በተገኘ ጧት ነው። ልጁ ራሱን ጥሏል፤ ነፍሱም መሄጃ አጥታ ቅርጫቱ ውስጥ ተቀምጣለች። በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ። አህያ ነጂዎች ሳይቀሩ፣ መንገዱ እየረዘመባቸው፣ አፋፉን ትተው በዙሪያ መሄድ ጀመሩ። ገደሉ ወገብ ላይ ካለችው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ በቅርጫቱ የሚወርድም ጠፋ።

ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት የለውም። የበኃይሉ ሬሳ ደብረ ብርሃን ለምርመራ ተወስዷል፤ ነገ ይመለሳል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከአባቱ መቃብር አጠገብ ግን አይቀበርም ተብሏል። እናቱ እማማ የትምወርቅ ይህን የሰሙ ዕለት ሬሳውን ተከትለው ደብረ ብርሃን ሄዱና ፖሊስ በር ላይ ተቀመጡ። «ልጄን ማን እንደጣለው ሳትነግሩኝ አልነሳም» አሉ። ቢለመኑም አልተነሱም። በመጨረሻ ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ በመኪናዋ ይዛቸው መጣች።

ወሰንየለሽ ከኪሷ ቆሎ የማይጠፋ፣ አጠር ያለች፣ ቶሎ የሚያምን ሰው የሚያናድዳት ሴት ናት። ገና አፋፉ ላይ ሳትደርስ የራቤሉ ፖሊስ ሳጅን ምስክር አናደዳት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ። «ቅርጫቱን ወደ ላይ አወጣው፤ ገባበት፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውን በጥሶ ዘለለ። የተበጠሰው ሽቦ እጁ ውስጥ ነው የተገኘው።»

«ሊሞት የሚዘል ሰው ሽቦ ምን ያደርግለታል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወሰንየለሽ ወደ ቅርጫቱ ሄደች። በኃይሉ አንድ የብረት ክንድ ከአፋፉ አውጥቶ ተክሏል፤ ቅርጫቱ ከክንዱ ላይ በብረት ገመድ ይወርዳል፣ ይወጣል። ታችም ላይም የሚጫኑት ቁልፍ አለ። ቅርጫቱ አፋፉ ዘንድ ሲደርስ አንድ ሰው ከአፋፉ ወደፊት አዘንብሎ፣ እጁን ሰጥቶ መንገደኛውን ይቀበላል። እጅ የሚሰጥ ሲጠፋ መንገደኛው ከክንዱ የተንጠለጠለውን ገመድ ይዞ ራሱን ይጎትታል። ከመስቀያው ጋር የታሰረች ክብደት መለኪያ አለች፤ ሽቦዋ በክንዱ ላይ ተዘርግቶ የሞተር ቤቱ ድረስ ይሄድ ነበር። አሁን መሐሉ ላይ ተበጥሷል።

እግሯን አንስታ ልትገባ ስትል የማንሻው ሠራተኛ ጌጡ ተንደርድሮ ደረሰ።

«ጫማዎን! ጫማዎን ያውልቁ እንጂ እትዬ!»

«ለምን?»

«ቅርጫቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው የሚቆጠረው። ጫማ እዚያ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀረው። በኃይሉ እንኳ ግራሶ ሲቀባው በባዶ እግሩ ነበር።»

«ማታ ስትዘጋ ታች ሰው አለመቅረቱን በምን ታውቃለህ?»

«በጫማው ነዋ። ድንጋዩ ላይ ጫማ ካለ ባለቤቱ ታች ነው። ከሌለ ሁሉም ወጥቷል ማለት ነው። ያኔ ነፋስ እንዳያንገላታው ቅርጫቱን ታች አሳርፌው ወደ ቤቴ።»

«እሑድ ማታስ?»

«ድንጋዩ ባዶ ነበር። በኃይሉን ሞተር ቤት ውስጥ ኮምፒውተሩን ሲነካካ ትቼው ማኅበር ሄድኩ። ጧት ስመጣ ታች ያሳረፍኩት ቅርጫት ወደ ላይ ወጥቶ ቆሟል።» ጌጡ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማታ ማታ ቅርጫቱ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። ኮምፒውተሩን ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ፤ አልቻልኩም። በኃይሉን ያጠፋሁት መሰለኝ።»

«እንኳንም አላጠፋኸው። ሲገኝ እግሩ ላይ ጫማ ነበር?»

«ነበር። ክሩ እንደታሰረ።»

ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ባና ተጣጥፎ ተቀምጧል። የመንዝ በግ ጠጉር ነው፤ ወፍራም። ወሰንየለሽ ልታነሳው ስትል ከኋላዋ የእማማ የትምወርቅ ድምፅ መጣ።

«ተይው ልጄ። በርዶታል።»

«እርስዎ ነዎት ያስቀመጡት?»

«ያገኙት ዕለት ማታ። ስድሳ ስድስት ሲል አየሁት፤ ልጄ ነው አልኩ። ይህ ነፋስ አያሳዝንም? መጥቼ አለበስኩት፤ መሽቶ እስክሄድ አጫወትኩት።»

ወሰንየለሽ ያፈሰችውን ቆሎ ወደ ኪሷ መለሰችው። «ባናውን ሲጨምሩበት ቁጥሩ ስንት ሆነ?»

«ያው ስድሳ ስድስት። ምነው?»

ወሰንየለሽ ባናውን በሁለት እጇ አነሳችውና ሳጅኑን ስክሪኑን እንዲያይ ላከችው። ባናው ከበድ ይላል። «ስድሳ ስድስት!» ሲል ከሞተር ቤቱ ጮኸ። መልሳ አስቀመጠችው። «ስድሳ ስድስት!» ወሰንየለሽ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ መደሰት ብላ፣ ወዲያው ደግሞ የእናቲቱን ፊት ስታይ በራሷ አፈረች።

ሁለቱን የደብሩ አለቆች አፋፉ ላይ ካለው ወይራ ሥር አገኘቻቸው። ግዙፉ መሪጌታ ቴዎፍሎስ የዜማ መምህር ናቸው። ቄሰ ገበዝ ኪዳነ ወልድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ጠባቂ፣ ቀጠን ያሉ፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው። ፍትሐት አይደረግም ያሉት እርሳቸው ናቸው።

«ሥርዓት ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ መቋሚያቸው ላይ ዓይናቸውን ተክለው። «እኔ ያወጣሁት አይደለም።»

«ልጁ ዲያቆን ነበር፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አሉ መሪጌታ። «ሳናጣራ ብንፈርድበት ኋላ ምን እንመልሳለን?»

«ቁጥሩን አላዩትም መሪጌታ? ያረፈች ነፍስ እንዲህ ትሆናለች? ያንን ዕቃ አጥፍተው ጠበል ይርጩበት ብያለሁ፣ የሚሰማኝ ጠፋ።»

«ማንም እንዳይነካው» አለች ወሰንየለሽ። «አባቶች፣ ከቅርጫቱ ሌላ ወደ ታች መንገድ የለም?»

«የእግር መንገድ ነበር» አሉ መሪጌታ። «ናዳ ካበላሸው ወዲህ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ከቄሰ ገበዙ ዘንድ ነው።»

«እየዳኹ መውረድ ይቻል ይሆናል እንጂ ሽቅቡ አይሞከርም» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ታች ያለው ትልቁ ንብረት ምንድን ነው?»

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «የብር ልባሱ ወንጌላችን ነዋ። ለንግሥ ብቻ ነው የሚገለጠው። ሌላ ጊዜ በመጎናጸፊያው ላይ ነው የምንሳለመው፤ ጨርቁን የሚፈታ የለም።»

ወሰንየለሽ አመስግና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሳሌም ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ መጣች። የማንሻውን ፕሮግራም ከበኃይሉ ጋር የጻፈችው እርሷ ናት። ዓይኗ አብጧል። ገና ሞተር ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደቆመች፦

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«እንዴት አድርገሽ?»

«በስልክ ተጣላን። ፕሮግራሙ ላይ ስህተት አለ፣ አስተካክለው እያልኩ ስነዘንዘው ከረምኩ። እሑድ ‹ዛሬ ካላስተካከልከው ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ› አልኩት። ብቻውን ቀረ… ከዚያ…»

«አልቅሺ፣ ግን እያለቀስሽ ንገሪኝ» አለች ወሰንየለሽ ወንበር እየሳበችላት። «ስህተቱ ምን ነበር?»

ሳሌም አፍንጫዋን ጠረገች። «ፕሮግራማችን የተጻፈበት ቋንቋ ሁሉን ነገር በአጥር ግቢ ውስጥ ነው የሚያኖረው። የኮምፒውተሩን ማህደረ ትውስታ የሚያስተዳድርልን አለ፤ ቦታ ይሰጠናል፣ የማንፈልገውን ይጠርጋል፣ ከሌላ ሰው ቦታ ገብተን እንዳናነብ ይከለክለናል። ክብደት መለኪያዋ ግን ከፋብሪካ ከራሷ ሶፍትዌር ጋር ነው የመጣችው። እሱ ቁጥሩን የሚያስቀምጠው ከአጥሩ ውጭ ነው። እዚያ ጠባቂም ጠራጊም የለም።»

«እናንተ ታዲያ እንዴት አገኛችሁት?»

«አድራሻውን ጠየቅን። ፕሮግራሙ በየሰከንዱ እዚያ አድራሻ ሄዶ ያለውን ቁጥር አንብቦ ይመጣል። አዲስ ይሁን አሮጌ አይጠይቅም። ሽቦው ቢበጠስ መለኪያዋ መጻፍ ታቆማለች፤ የመጨረሻው ቁጥር ግን የሚያጠፋው ስለሌለ እዚያው ይቀመጣል። እኛም ዝም ብለን እያነበብን እናሳያለን። ስህተቱ ይኼ ነበር።»

«ስለዚህ ቅርጫቱ ምንም እየመዘነ አይደለም። ያለፈውን እያስታወሰ ነው።»

ሳሌም ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። «ኮምፒውተሩ አልጠፋም? ከሞተ ጀምሮ?»

«ፈርተውታል።»

«ቆይ እስቲ። መለኪያዋ ከክብደቱ ቀጥሎ፣ አራት ባይት አለፍ ብሎ፣ የተመዘነበትን ሰዓትም ትጽፋለች። እኛ አንብበነው አናውቅም፤ ሥራ የለውም ብለን።» ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሮጡ። ካለው አድራሻ ላይ አራት ጨምራ አንብብ አለችው። አንድ ረጅም ቁጥር መጣ፤ ወደ ሰዓት ለወጠችው። «እሑድ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አለፍ ብሎ።»

«ጌጡ ማኅበር ላይ ጠበል ጠዲቅ ሲቀምስ» አለች ወሰንየለሽ። «ቁጥሩስ? ቅርጫቱ ሲወዛወዝ የተጻፈ ሊሆን ይችላል?»

«አይችልም። ክብደቱ ለቅጽበት እንኳ ካልረጋ አትጽፍም። ስድሳ ስድስቱ የተጻፈው ቅርጫቱ ቆሞ፣ ውስጡ ያለው ሳይነቃነቅ ነው።»

ወሰንየለሽ ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ደብረ ብርሃን ደውላ ሬሳው ሲመረመር ስንት እንደመዘነ ጠየቀች። መልሱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ውጭ እማማ የትምወርቅ ቅርጫቱ አጠገብ ተቀምጠው በለሆሳስ እያወሩ ነው። ስለ በጎቹ ነው የሚያወሩለት።

በማግስቱ ጧት የሬሳ ሣጥኑ ደረሰ። አፋፉ ላይ ሣር ተነስንሶ ተቀመጠ። ወሰንየለሽ ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበች፤ ሳጅን ምስክር ግን ወደ አንድ ጉዳይ ተልኮ ነበር። ከገበያ የእህል ሚዛን አስመጥታ ከወይራው ሥር አስተክላለች።

«ሰው እንደ ገብስ ሊመዘን ነው?» አሉ መሪጌታ ቴዎፍሎስ።

«አዎ አባ። መጀመሪያ ግን ስሙኝ። ቅርጫቱ ላይ ያለው ቁጥር መንፈስ አይደለም። እማማ የትምወርቅ ባናቸውን ሲጨምሩበት አልጨመረም። ሚዛን ቢሆን ይጨምር ነበር። ሳሌም እንዳሳየችኝ፣ ሽቦው ከመበጠሱ በፊት የተመዘነው የመጨረሻ ነገር ከኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ሳይጠፋ ቀርቶ ነው። እሑድ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል፣ ቅርጫቱ ውስጥ ስድሳ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ሰው ቆሞ ነበር።»

«ልጄ» አሉ እማማ የትምወርቅ።

«አይደለም እናቴ። ልጅዎ ሰባ ሦስት ኪሎ ነበር። ቁጥሩ የእርሱ አይደለም። ቅርጫቱ ውስጥም አልገባም፤ ጫማው እግሩ ላይ ነበር። ግራሶ ለመቀባት ጫማውን የሚያወልቅ ልጅ ተጫምቶ አይገባባትም። እርሱ የቆመው አፋፉ ላይ ነው። ሲወድቅ ያገኘውን ጨበጠ፤ ያገኘው ሽቦውን ነበር።»

ጌጡ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንግዲህ ማን መጣ? ታች ያረፈው ቅርጫት ወደ ላይ ወጥቷል፤ ስለዚህ ሰው ታች ነበር። ጌጡ ደግሞ ድንጋዩ ላይ ጫማ አላየም። ጌጡ ሰው የሚቆጥረው በጫማ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ያ ሰው የወረደው በቅርጫት አይደለም፤ ጫማውን ይዞ በእግር መንገዱ ነው። አሁን እንመዘን።»

ጌጡ ሰባ ሆነ። መሪጌታ ሰማንያ አንድ። ሳሌም ሃምሳ አምስት። ቄሰ ገበዝ ኪዳነ ወልድ ሃምሳ ስምንት።

«እንግዲህ ስድሳ ስድስት የለም» አሉ ቄሰ ገበዙ ከሚዛኑ እየወረዱ።

«የለም። ግን ሰው ዕቃ ሲይዝ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጌጡና መሪጌታ ከስድሳ ስድስት በላይ ናቸው፤ ከጥርጣሬ ወጡ። ሳሌም በዚያ ምሽት መሐል ሜዳ ነበረች፤ የእግር መንገዱም ቁልፍ የላትም። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው። ያ ሰው ቁልቁሉን እየዳኸ ይወርዳል፤ ሽቅቡን ግን በዚያ ጉልበት፣ ያውም ስምንት ኪሎ ታቅፎ፣ አይችለውም። ጌጡ እስኪሄድ ጠበቀና ቅርጫቱን ተሳፈረ። ሞተር ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን አላወቀም።»

በዚህ መሐል ሳጅን ምስክር ደረሰ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል፤ ልብሱ ሁሉ የገብስ አቧራ ነው።

«ከቄሰ ገበዙ ጎታ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አለ። «ታች መጎናጸፊያው ውስጥ ያለው ደግሞ የተጠረበ እንጨት ነው።»

ነጠላው ሲገለጥ ብሩ አበራ። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ያን የሚያህል ሰውነታቸውን ይዘው ጉልበታቸው ላይ ወደቁ። በመጎናጸፊያው ላይ እንጨት ሲሳለሙ ሊኖሩ ነበር።

«ቄሰ ገበዝ» አለች ወሰንየለሽ፣ «ወንጌሉን ታቅፈው አንድ ጊዜ ሚዛኑ ላይ ይቁሙልኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ወደፊትም አልሄደ፣ አልተመለሰም።

«አልችልም» አሉ። «አልይዘውም። ይቅር።»

ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። የተናገሩት ለወሰንየለሽ አልነበረም፤ ለቅርጫቱ ነበር። «ልጄን ሊቢያ ላይ ደላሎች ይዘውታል። ሲገርፉት በስልክ ያሰሙኛል። ወንጌሉን የሚገዛኝ ሰው አገኘሁ። ከተንጠለጠልኩበት ቀና ስል በኃይሉ አፋፉ ላይ ቆሟል። ምን እንደያዝኩ አላየም። እጁን ዘረጋልኝ። ‹ቀስ ብለው አባ፣ ያዙኝ› አለኝ። ያዝኩት። ያኔ ወንጌሉን አየው… ሳብኩት።» ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ጧት ቁጥሩን ሳየው እርሱ መሰለኝ። የመጣብኝ እርሱ መሰለኝ።»

«እርስዎ ነበሩ» አለች ወሰንየለሽ። «ከወንጌሉ ጋር።»

እማማ የትምወርቅ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ተነሱ። ወደ ቅርጫቱ ሄደው ባናቸውን አወጡ።

«እኔ ያን ምሽት ሙሉ ስለ በጎቹ ሳጫውት የነበረው እርስዎን ነው?» አሉ። «እርስዎን ነው ያለበስኩት? ልጅዎን ሊያወጡ ልጄን ጣሉት፤ ይህን እንኳ የወላድ አንጀት ያውቀዋል። ከጣሉት በኋላ ፍትሐት የከለከሉት ግን ለማን ብለው ነው?»

ቄሰ ገበዙ ነጠላውን ከፊታቸው አላነሱም። ሳጅን ምስክር ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው።

ሳሌም የተበጠሰውን ሽቦ መቀጠል ጀመረች። «ያን ማታ አስተካክሎት ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ሽቦው ሲበጠስ ስክሪኑ ባዶ ይሆን ነበር። ማንም ምንም አያውቅም ነበር።»

«እንኳንም አላስተካከለው» አለች ወሰንየለሽ። «አንቺም እንኳን ነዘነዝሽው። ያለ አንቺ ጭቅጭቅ ያን ስህተት ማን ያስረዳኝ ነበር?»

ሽቦው ሲገናኝ ስድሳ ስድስቱ ጠፋ። በቦታው ዜሮ መጣ። አፋፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተነፈሰ።

መሪጌታ ቴዎፍሎስ ዕንባቸውን ጠርገው ፍትሐቱን ጀመሩ። በዚያ ድምፅ ገደሉ ራሱ የሚቀበል ይመስል ነበር። ስድስት ወንዶች ጫማቸውን ድንጋዩ ላይ አውልቀው፣ በባዶ እግራቸው ሣጥኑን ቅርጫቱ ውስጥ አስገቡ። አባቱ አጠገብ ሊያስቀብሩት ነው። እናቱ ቀጥለው እንዲወርዱ ተነገራቸው።

«ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ እርሱን ልሸኘው።» ሞተር ቤቱ ገብተው ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ቁጥሩ አሁን ሕያው ነው። ከነሣጥኑ ዘጠና ስምንት ይላል፤ ነፋስ ሲነካው ዘጠና ሰባት፣ ደግሞ ዘጠና ስምንት።

«ይኼ ነው ልጄ» አሉ እማማ የትምወርቅ። በጣታቸው መስተዋቱን ነኩት። «እንዲህ ይነቃነቅ ነበር። አንድ ቦታ አይረጋም ነበር።»

ጌጡ ቁልፉን ተጫነ፤ ቅርጫቱ ወረደ። የመሪጌታ ዜማ ከላይ፣ ቀድመው የወረዱት ካህናት ዜማ ከታች ይሰማል። እናትየው ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ አልነቀሉም። ታች ሲደርስ ቁጥሩ ረጋ። ከዚያ ታች ያሉት ካህናት ሣጥኑን ሲያነሱ ወረደ፤ አርባ፣ አሥራ ሁለት፣ ሦስት። ዜሮ።

«አወጡት» አሉ። ባናውን ትከሻቸው ላይ ደርበው፣ ጫማቸውን ሊያወልቁ ወደ ድንጋዩ ሄዱ።